ሦስት መቶ ጠብታ

አንድ ሰው ነበረ። በእግሩ ፈጣን ነበረ። በሚኖርበት ሸለቆ ከአንድ ወንዝ የተጠለፉ ሰባት ቦዮች ነበሩ፤ ሰባቱንም የሚጠብቀው እሱ ብቻ ነበር። ጠዋት ከመጀመሪያው ቦይ ይጀምራል፤ አፉን ይከፍታል፣ ደለሉን ይጠርጋል፣ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ይሮጣል። ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው፣ እንዲህ እያለ ሰባተኛው ላይ ይደርስና እንደገና ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ሰዎች ሲያልፍ እያዩት «ይህ ሰው አንድ ቀን ራሱን ሳይቀድም አይቀርም» እያሉ ይስቁ ነበር።

ቢያድግልኝ፣ ይህን የምነግርህ ትናንት ላቦራቶሪ ውስጥ ስለጠየቅኸኝ ነው። የሠራሃት መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ነበረች፤ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል የታሰበች፣ የግሉኮስ ጠብታ የምትቆጥር ትንሽ ሳጥን። ቱቦው ውስጥ አየር ሲገባ መጮህ ነበረባት። ጮኸችም፤ ግን መጀመሪያ ስክሪኗ ላይ ቁጥር ጽፋ መጨረስ ስለነበረባት አራት ሰከንድ ዘግይታ ጮኸች። ስርዓተ ክወና (ኦፐሬቲንግ ሲስተም) ያስፈልጋታል ብልህ «ቲቸር፣ ፈጣን ቺፕ ብንገዛላት አይበቃም? ጥፍር ለምታክል ነገር ስርዓተ ክወና ምን ያደርግላታል?» አልኸኝ። በነፃ የሚታደለውን ስርዓተ ክወና ሳሳይህ ደግሞ «ማንም የሚነካካውን ነገር እንዴት ያምኑታል?» አልህ። ሁለቱንም አልመለስሁልህም። አሁን ስማ።

ከሰባቱ ቦዮች በላይ በድንጋይና በጭቃ የተሠራ ትልቅ ክትር ነበረ። ከክትሩ ሥር አሥራ ሁለት ጎጆዎች ነበሩ፤ ታች መንደር ይባላሉ። ክትሩ ከልክ በላይ ሲሞላ ውሃው ወደ ገደል እንዲወጣ ማስተንፈሻ ተበጅቶለታል። ማስተንፈሻው በወፍራም ግንድ ተዘግቶ ይውላል። ግንዱን በድጅኖ ፈንቅሎ መክፈትም የዚሁ የፈጣኑ ሰው ሥራ ነበር፤ ተራው ከሰባተኛው ቦይ ቀጥሎ ነው።

አንድ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ሸለቆው ፀሐይ እየሞቀ ሳለ፣ ደጋው ላይ ዘነበ። ፈጣኑ ሰው ሦስተኛው ቦይ ላይ ደለል እየጠረገ ነበር። ከወደ ላይ የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማ። የጀመረውን ሳይጨርስ ትቶ መሄድ ግን ልማዱ አልነበረም። ደለሉን ጠርጎ ጨረሰና ሮጠ። እንዲያ የሮጠ ሰው ከዚያ በፊት ማንም አላየም ይባላል። ግንዱ ጋ ሲደርስ ግንዱ የለም። ክትሩም የለም።

ውሃው ሦስት ጎጆዎችና አንድ ሰው ወሰደ። የተወሰደው ፈጣኑን ሰው በእግሩ ኮቴ የሚያውቀው፣ ባለፈ ቁጥር «ልጄ፣ ዛሬም ቸኮልህ» የሚለው ዓይነ ስውር ሽማግሌ ነበር።

በለቅሶው ላይ ጎረቤቶቹ ሊያጽናኑት ሞከሩ። «ካንተ የፈጠነ ከየት ይመጣ ነበር?» አሉት።

«ፈጥኜ ነበር» አላቸው። «አልደረስሁም እንጂ።»

ከዚያ ቀን በኋላ ሲሮጥ የታየ ጊዜ የለም። ገደሉ አፋፍ ላይ ሸለቆውን በሙሉ የሚያሳይ አንድ አለት አለ፤ እዚያ ተቀምጦ ሲያስብ ከረመ። ሲነሳ መጀመሪያ የሄደው ወደ አገር ሽማግሌዎች ሳይሆን ወደ አንዲት ሸክላ ሠሪ ነበር። ይህ ሰዎችን አስገርሟቸዋል፤ በዚያ ሸለቆ ሸክላ ሠሪ የሰው መጨረሻ ተደርጋ ትቆጠር ነበርና። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ከመጣ እሷ ትቆማለች፤ የመጣው ሁሉ እስኪያልፍ ድረስ ከገደሉ ግድግዳ ጋር ተጣብቃ ትጠብቃለች። ልማዱ እንዲህ ነበር፤ ክፉ ነው ብሎ ያሰበበትም ሰው አልነበረም።

«ከሥሩ ቀዳዳ ያለው ማሰሮ ሥሪልኝ» አላት። «ጠብታው የማይቸኩል፣ የማይዘገይም።»

«ማሰሮ እንዳይፈስ ነው የሚሠራው፤ አንተ ደግሞ የሚፈስ ፈለግህ» አለችው። ግን ሠራችለት። አራቱን ራሷ ሰበረቻቸው። አምስተኛውን ስትሰጠው «ይቺ አትዋሽም» አለች።

ክትሩ እንደገና ሲሠራ ማሰሮዋን አለቱ ላይ ሰቀላት። ወንዙ ወደ ሸለቆው የሚገባበት ጉሮሮ ላይ ጥሩንባ የያዘ ዘብ አስቀመጠ። ከዚያ ክረምቱን ሙሉ ለካ፤ ዘቡ ጎርፉን አይቶ ጥሩንባ ከነፋ በኋላ ውሃው ክትሩ ጋ እስኪደርስ ስንት ጠብታ ይወርዳል? አንዳንድ ቀን ሦስት መቶ ስልሳ ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ሦስት መቶ ሠላሳ። አንድ ቀን ብቻ ልክ ሦስት መቶ ሆነ። ያቺን የአንድ ቀኗን ያዘ። «ብዙ ጊዜ እኮ ከዚያ በላይ ነው» ሲሉት «ሽማግሌው የሞተው ብዙ ጊዜ አይደለም፤ አንድ ጊዜ ነው» አላቸው።

ቀጥሎ ሥራውን ከፋፈለ። ለእያንዳንዱ ቦይ አንድ ሰው ሰጠ። ግንዱን ደግሞ ክትሩ አጠገብ ለሚኖር አንድ ጠንካራ ሰው ሰጠ፤ የክትሩ ጠባቂ ተባለ። ለራሱ ምንም ሥራ አላስቀረም። ጥቁር በርኖስ ለብሶ አለቱ ላይ ተቀምጦ ተራው የማን እንደሆነ ይናገራል፣ በቃ። የውሃ አባት አሉት። ከውሃ አባት ጉዳይ የሚቀድም ስለሌለ በርኖሱን ከሩቅ ያየ ሁሉ መንገድ ይለቃል።

ማን ይቀድማል የሚለውን በሰዎቹ ክብር አልደረደረም፤ በሥራው ጥድፊያ ነው የደረደረው። አዲስ የተዘራ መደብ ከበሰለው ይቀድማል። ከሁሉም ግን ግንዱ ይቀድማል። ጥሩንባ ከተነፋ እያንዳንዱ ሰው አካፋውን ባለበት ይጥላል፣ ያቆመበት ቦታ ላይ ድንጋይ ያኖራል፣ ለክትሩ ጠባቂም መንገድ ይለቃል። ሲመለስ ድንጋዩን አንስቶ ከዚያው ይቀጥላል። ምንም ሥራ የሌለው ሰው ደግሞ ይተኛ አለ። በዚህ ሳቁበት። ስንፍና ያስተምራል ያሉም ነበሩ። እሱ ግን ያለ ሥራ የሚዞር ሰው ጉልበቱ በሚፈለግበት ቀን ጉልበቱን አያገኘውም ብሎ ያምን ነበር።

ሕጉ ይህን ያህል አጭር ነው። በየዓመቱ ቦይ ሲጠረግ ወንዙ ዳር ቆሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃሉ ይለዋል። የፈለገ ይሰማል፣ የፈለገ ይጠይቃል፣ የተሳሳተ የመሰለው ይቃወማል። የተሸሸገ አንድም ቃል አልነበረውም።

በሸለቆው የነበረው ድጅኖ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ እሱም ሕግ ነበረ፤ ድጅኖውን የያዘ ሰው ሥራውን ጨርሶ በእጁ እስኪያስረክብ አይነጠቅም። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዎች ሲናጠቁት የተፈነቀለ ድንጋይ የአንዱን እግር ስለሰበረ የወጣ ሕግ ነው። ጥሩ ሕግ ነበር። ስህተቱ የተደበቀው እዚያ ውስጥ ነው።

ዘጠኝ ዓመት አለፈ፤ ጥሩንባው ብዙ ጊዜ ተነፋ፣ ግንዱም ሁልጊዜ በጊዜው ተከፈተ። በአሥረኛው ዓመት፣ በአንድ የገበያ ቀን፣ ሸክላ ሠሪዋ ደንቡን ጠብቃ ድጅኖውን ወስዳ ከገደሉ ሥር ጭቃ እየቆፈረች ነበር። የዚያን ቀን ሰማዩ ጠርቶ ነበር። ጥሩንባው ተነፋ።

የውሃ አባት ወደ ማሰሮዋ ዞሮ መቁጠር ጀመረ። ታች ሰዎች አካፋ ሲጥሉ፣ ድንጋይ ሲያኖሩ ያያል። የጥሩንባው ድምፅ ሳያልቅ የክትሩ ጠባቂ ግንዱ አጠገብ ቆሟል። ሁሉም ነገር እንደታሰበው ነበር። ከዚያ ጠባቂው ሁለት እጆቹን ወደ አለቱ ዘርግቶ አሳየው። ባዶ ነበሩ።

ስልሳ ጠብታ።

የውሃ አባት ድጅኖውን በዓይኑ ፈለገ። አገኘው። ሸክላ ሠሪዋ ጥሩንባውን እንደሰማች ከጉድጓዷ ወጥታ፣ ድጅኖውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ ልክ ከአለቱ ሥር ያለው ጠባብ የገደል መንገድ ላይ ደርሳለች። ግን ቆማለች። ከፊት ለፊቷ የገበያው ሰው ከነአህያው፣ ከነጭነቱ ተሰልፎ ይመጣል፤ ጭራው አይታይም። እሷም እንደ ልማዷ ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች።

«እባካችሁ አሳልፉኝ» ስትል ሰማት።

«የት ነው እንዲህ ጥድፊያ? እሳት ላይ የጣድሽው ገንቦ አለ?» አለቻት አንዲት ሴት።

«ድጅኖው እኔ ጋ ነው።»

ከሴትዮዋ ኋላ ጨው የጫኑ ስምንት አህዮች የሚነዳ አንድ ሀብታም ሰው ነበር። ሕጉን ጠንቅቆ ያውቃል። «ጥሩንባው የተነፋው ለክትሩ ጠባቂ ነው» አላት። «እሱ ቢመጣ ገደል ገብቼም ቢሆን አሳልፈዋለሁ። ለሸክላ ሠሪ መንገድ ልቀቁ የሚል ግን አልሰማሁም። እኛ እንለፍ፤ ከዚያ ታደርሺዋለሽ።»

ሰውየው አልዋሸም። ሕጉ እንዲያ አይልም።

መቶ አርባ ጠብታ።

የውሃ አባት ያን ጊዜ ያየውን አስበው፣ ቢያድግልኝ። ከሁሉ የሚቀድመው ሰው ቆሞ ይጠብቃል። የሚጠብቀው ከሁሉ የምታንሰውን ሴት ነው። የምታንሰዋ ሴት ደግሞ በመካከላቸው ያለው ሰው ሁሉ፣ ጨው ይሁን ሽንኩርት የጫነ፣ እስኪያልፍ ትጠብቃለች። ማንም ሕግ አልጣሰም። ታች መንደር ግን ሊሰጥም ነው። አለቱ ከመንገዱ በላይ ቀጥ ያለ ነው፤ መውረጃ የለውም። ዞሬ ልምጣ ቢል፣ የድሮ እግሩ ቢመለስለት እንኳ፣ አራት መቶ ጠብታ ይፈጃል። መሮጥ ምን እንደማያደርግ ደግሞ ከእሱ በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በርኖሱን አወለቀ። በሁለት እጁ ይዞ ከአለቱ አፋፍ ወደ ታች ለቀቀው።

ጥቁሩ በርኖስ እንደ ትልቅ አሞራ ክንፉን ዘርግቶ ወረደና ሸክላ ሠሪዋ እግር ሥር አረፈ። «ልበሺው!» ብሎ ጮኸ። «ድጅኖውን እስክታስረክቢ ድረስ አንቺ እኔ ነሽ።»

ለበሰችው። ጭቃ በነካው እጇ፣ ድጅኖውን ከትከሻ ወደ ትከሻ እያዛወረች ለበሰችው። ከዚያ መራመድ ጀመረች። መናገር አላስፈለጋትም። ያቺ ገንቦ አለ ወይ ያለቻት ሴት መጀመሪያ ግድግዳውን ያዘች። ሀብታሙ ሰው የአህዮቹን አንገት እያቀፈ አንድ በአንድ ወደ ገደሉ ግድግዳ አስጠጋቸው። ከኋላው ያሉት የሆነውን ባያውቁም በርኖሱን አዩ። ከመንገዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ሰው ሁሉ ጀርባውን ከድንጋይ ጋር እያጣበቀ አሳለፋት። የውሃ አባት መቁጠሩን ሳያቋርጥ ከላይ ሆኖ ያያል። ያን ቀን ያየውን ሲናገር፣ እስኪሞት ድረስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር ይላሉ።

ሁለት መቶ ሰባ ላይ ድጅኖውን አስረከበች። ሁለት መቶ ሰማንያ ስምንት ላይ ግንዱ ተፈነቀለ። ሦስት መቶ ሰባት ላይ ውሃው መጣ፤ ክትሩን ሞላው፣ ማስተንፈሻውን አገኘ፣ እያገሳ ወደ ገደሉ ወረደ። ታች መንደር አንዲት ሴት ያሰጣችውን እህል እንኳ አላነሳችም። ጎርፍ መኖሩን ያወቀችው በማግስቱ ነው።

ሸክላ ሠሪዋ አለቱ ድረስ ወጥታ በርኖሱን መለሰች። ድጅኖውን በሰጠች ቅጽበት አውልቃው ነበር፤ አጣጥፋ በክንዷ ይዛው መጣች።

«ጭቃ ነክቶታል» አለችው።

«ይንካው። ትንሽ ልበሺው እንጂ።»

«ለእኔ ሥራ አይመችም፤ እጅጌው ሰፊ ነው» አለች። ቀጥላም «ደግሞስ በየቀኑ በርኖስ ልትወረውር ነው? አንድ ቀን ነፋስ ቢወስደውስ?» ብላ ጠየቀችው።

በዓመቱ ሕጉ ወንዙ ዳር ሲባል እሷ ቆመች። እዚያ ቦታ ላይ ተናግራ አታውቅም። «አንድ ቃል ይጨመር» አለች። «አንድ ሰው ሌላው የሚጠብቀውን ዕቃ ይዞ ከሆነ፣ የሚጠብቀው ሰው ቅድሚያ ለያዘው ሰው ይሁን። እስኪያስረክብ ብቻ። ከዚያ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለስ።»

ሀብታሙ ሰው ተነሳ። «ደግሞ ሸክላ ሠሪ ሕግ ታወጣ ጀመር?»

«ስህተቱን ያገኘችው እሷ ናት» አለ የውሃ አባት። «እኔ ዘጠኝ ዓመት በላዩ ተቀምጬበት አላየሁትም። አንተስ ያን ቀን የት ነበርህ?»

«መንገድ ላይ» አለ ሰውየው፤ ተሰብሳቢው ሳቀ። እሱም ትንሽ ቆይቶ ሳቀ።

ቃሉ ግን ወዲያው አልተጨመረም። በሌላ የገበያ ቀን ሆን ብለው ጥሩንባ አስነፉ፣ ድጅኖውን ከሩቅ ሰው ጋ አስቀመጡ፣ ጠብታ ቆጠሩ። አንድ ቀን ብቻም አይደለም። የተጨመረው ከዚያ በኋላ ነው። ያለ በርኖስም ሠራ።

ከሌላ ሸለቆ አንድ ገበሬ መጥቶ ነበር። ሰምቶ ሲጨርስ «ይህን ሕግ ወደ አገሬ ልወስደው እፈልጋለሁ፤ ምን ላምጣ?» አለ።

«ከሰማኸው ወስደኸዋል» አለው የውሃ አባት። «የእናንተ ወንዝ የተለየ ነው፤ እንደ ወንዛችሁ አድርጉት። የተሻለ ነገር ካገኛችሁበት ግን መጥታችሁ ንገሩን።»

በሦስተኛው ዓመት መጥተው ነገሩት። እነሱ ሁለት ድጅኖ ነበራቸው፤ ሁለት ድጅኖ ሲኖር ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል። እሱ ሌላ ቀን የምነግርህ አይደለም፤ ራስህ ትደርስበታለህ።

እንግዲህ ቢያድግልኝ፣ አንተ ከያዝኸው የፈጠነ ሯጭ ግዙልኝ ነው ያልኸኝ። ቺፕህ አሁንም ፈጣን ናት። ትናንት የዘገየችው ስለተንቀራፈፈች አይደለም፤ ደለሉን ጠርጋ መጨረስ ስለነበረባት ነው። ስክሪንህ ሦስተኛው ቦይ ነው። አየሩ ቱቦ ውስጥ ሲገባ ቁጥሩን ግማሹ ላይ አስቁሞ፣ ድንጋይ አኑሮ፣ ለማንቂያው መንገድ የሚያስለቅቅ አልነበራትም።

ያሳየሁህ ስርዓተ ክወና ያ ነው። ራሱ ጠብታ አይቆጥርም፣ ስክሪን ላይ አይጽፍም፣ አይጮህም። አለቱ ላይ ተቀምጦ ተራ ይሰጣል። ቃል የሚገባልህ እፈጥናለሁ ብሎ አይደለም፤ በልኩ ከያዝኸው ከሦስት መቶ ጠብታ በፊት እደርሳለሁ ብሎ ነው። ይህን ሁሉ ይዞ ስልክህ ውስጥ ካለ አንድ ፎቶ ያነሰ ቦታ ይበቃዋል። ሥራ ሲያጣ ይተኛል፤ ባትሪህ የሚቆየው ለዚህ ነው።

እንዴት ያምኑታል አልኸኝ። እኔም እንዳንተ እጠራጠር ነበር። ከዚያ የምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ከፍቼ አነበብሁት፤ ቀስ ብዬ፣ እንደ መጽሐፍ። ዕቃ ለያዘ ታናሽ ሥራ የጠባቂውን ቅድሚያ አውሶ፣ ሲያስረክብ መልሶ የሚቀበለው ቦታ ላይ ስደርስ አንገቴን ቀና አድርጌ ትንሽ ተቀመጥሁ። ጥቂት መስመር ናት። ማን እንደጻፋት አላውቅም። ግን የሆነ አገር አንድ ሰው፣ አንድ ቀን፣ ድጅኖ የያዘች ሴት ጠባብ መንገድ ላይ ቆማ አይቷል፤ አይቶም ዝም አላለም፣ ወንዝ ዳር ወጥቶ ተናገረ። ሌሎች ጠብታ ቆጥረው አረጋገጡ። ከዚያ ለእኔና ላንተ፣ ስማችንን ሳያውቁ፣ ከሰማችሁት ወስዳችሁታል አሉን። የማምነው ማንም ስለሚነካካው አይደለም፤ የነካው ሁሉ በሰው ፊት ቆሞ ስለነካው ነው።

ነገ ቺፕ ይዘህ አትምጣ። ወረቀት ይዘህ ና። መሣሪያህ የምትሠራውን ሁሉ ጻፍና ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ ደርድር፤ እያንዳንዱስ እስከ ስንት ጠብታ መታገሥ ይችላል? ስትደረድር ከክትሩ ሥር የተኛውን ሰው አትርሳ። ያንተው ጨቅላ ነው፤ ገና ስም አልወጣለትም።